የሕግ ድጋፍ ሥልጠና ዋጋና ፋይዳ፦ ከሰቆጣ አንጻር ሲታይ

ስለ ሕግ ትምህርት የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በዲግሪ መርሐ ግብሩ ላይ ያተኩራል። ከዲግሪ በታች ያለው ሥልጠና፣ ማለትም ቀድሞ 10+3 ይባል የነበረውና ዛሬ በደረጃ የሚለካው፣ እምብዛም አይነሳም። በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ለሚኖር ወጣት ግን ጉዳዩ ተራ የምርጫ ጉዳይ አይደለም። የሚከፈለው ገንዘብና የሚያልፈው ጊዜ ምን እንደሚያስገኝ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። የሥልጠናው ፋይዳ ዝቅ ያለው ሥራው ስለሌለ ሳይሆን፣ ላለው ሥራ ሕጉ ስምና ወሰን ስላልሰጠው ነው።

ሥራው መኖሩን ለማየት ከፍርድ ቤት ደጃፍ አልፎ መሄድ አያስፈልግም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የክስ ማመልከቻ በጽሑፍ እንዲቀርብ፣ የክሱ ምክንያት የትና መቼ እንደተፈጠረ እንዲገለጽ፣ የሚጠየቀው ዳኝነትም ተለይቶ እንዲሠፍር ያዛል። ማንበብና መጻፍ ለማይችል ገበሬ ይህ ትእዛዝ በሌላ ሰው እጅ ካልሆነ አይፈጸምም። ያ ሌላ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጠበቃ ሳይሆን ራፖር ጸሐፊ ነው። በይዞታ ወሰን፣ በውርስ፣ በቀለብ ወይም በሞግዚትነት የተነሳ ክርክር ገና ችሎት ሳይደርስ ዕጣው በከፊል የሚወሰነው በዚህ ሰው ብዕር ነው። ዳኝነቱ በአግባቡ ካልተጠየቀ ወይም ከቀረቡት ሰነዶች ጋር ካልተያያዘ መዝገቡ ይጓተታል፤ ባለጉዳዩም ከደሃና ወይም ከዝቋላ ዳግመኛ ይመላለሳል። የገጠር መሬትን የሚመለከተው የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 252/2009 ስለ መብት ዝርዝር ድንጋጌዎችን ይዟል። ድንጋጌው ለባለይዞታዋ የሚደርሳት ግን አንድ ሰው በገባት ቋንቋ አስረድቶ በወረቀት ሲያሰፍርላት ነው።

ወደ ወጪው ስንመጣ የተለመደው ግምት አሳሳች ሆኖ ይገኛል። አጭር ሥልጠና ርካሽ፣ ረጅሙ ዲግሪ ውድ ነው ይባላል። ለድሃ ቤተሰብ ግን ነገሩ በተቃራኒው ሊሆን ይችላል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምግብና መኝታ ቀርቦለት ይማራል፤ የወጪ መጋራት ድርሻውን የሚከፍለውም ተመርቆ ደመወዝ ሲያገኝ ነው። በግል ኮሌጅ ለአጭሩ ሥልጠና የሚመዘገበው ግን ገንዘቡን ከነገ ገቢው ላይ ሳይሆን ከዛሬው ጥሪት ላይ ያወጣል። ለዋግ ገበሬ ይህ ጥሪት ፍየል ነው፣ የቀፎ ማር ነው፣ አንዳንዴም የዘር እህል ነው። በዚያ ላይ የቤት ኪራይ፣ ስንቅና ማጓጓዣ አለ፤ ወጣቱ በእርሻው ቢሠራ ያስገኝ የነበረው ጉልበትም ይቀራል። ብዙዎች የኮሌጁን ክፍያ ብቻ ቆጥረው የሚወስኑት ይህን ሁሉ ስለማይደምሩት ነው።

እንግዲያው ለምን ሁሉም ወደ ዲግሪው አያመሩም? በሩ ጠባብ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ጦርነቱ በደረሰባቸውና ተፈናቃይ ባስተናገዱ አካባቢዎች ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም። ስለዚህ አጭሩ ሥልጠና ለብዙዎች ከሁለት መንገዶች የተመረጠ አይደለም፤ የቀረላቸው አንድ መንገድ ነው። ጥቅሙ በጥብቅ መመዘን ያለበትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሙያ እድገት አኳያ ሲመዘን ሚዛኑ ይወርዳል። ተመራቂው በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት፣ በችሎት ጸሐፊነት ወይም በሌላ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሥራ ሊቀጠር ይችላል። ወደ ጥብቅና ግን አይሻገርም። በፌዴራል ደረጃ የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጥበት አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የሕግ ዲግሪን መነሻ ያደርጋል። ዲፕሎማውን ይዞ ወደ ዲግሪ የሚገባውም የወሰዳቸው ኮርሶች ምን ያህሉ እንደሚያዙለት አስቀድሞ እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ መንግሥት የርቀት ትምህርትን ሲያግድና የግል ተቋማት ሕግና መምህርነት እንዳያስተምሩ ሲወስን የታየውም ይኸው ነው፤ የርቀቱ እገዳ ቆየት ብሎ ቢላላም፣ አንድ መመሪያ የቤተሰብን የዓመታት ጥሪት በአንድ ቀን ሊያናጋ እንደሚችል አሳይቷል።

በዋግ ኽምራ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ እርሱም ቋንቋ ነው። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት ለኽምራ ሕዝብ የብሔረሰብ አስተዳደር መብት አረጋግጧል። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ደግሞ ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ የማይረዳ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲያገኝ ያዛል። ድንጋጌው ግን የሚናገረው ስለ ወንጀል ተከሳሽ ነው። ኽምጣና ተናጋሪዋ እናት የቀለብ ክስ ልታቀርብ ስትነሳ፣ ከችሎቱ በፊት ባለው ደረጃ፣ ነገሯን ሰምቶ በአማርኛ የሕግ ቋንቋ የሚያሰፍርላት ሰው የትኛው ሕግ ይሰጣታል? ኽምጣናን ከሥነ ሥርዓት ሕግ ጋር አጣምሮ የያዘ ሠልጣኝ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ የሕግ ምሩቅ የማይተካው ባለሙያ ነው። ሆኖም ይህ ችሎታ በምዘናም ሆነ በደመወዝ ስኬል ራሱን የቻለ ቦታ ካላገኘ ተመራቂው እንደ ማንኛውም ጸሐፊ ይቆጠራል።

ለከተሜው ጠበቃ፣ ለገጠሬው ግማሽ ጠበቃ ማቅረብ ፍትሕን በሁለት መደብ መክፈል ነው የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ዛሬ በደጃፉ ያለው ምርጫ በጠበቃና በረዳት መካከል ሳይሆን፣ በሠለጠነ ረዳትና ማንም በማይጠይቀው ጸሐፊ መካከል ነው። ሴራሊዮን በ2012 እ.ኤ.አ.፣ ኬንያም በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጧቸው የሕግ ድጋፍ ሕጎች ፓራሊጋሎችን በስም አውቀዋል። በኢትዮጵያም የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በጎ ፈቃደኛ ፓራሊጋሎችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። በበጎ ፈቃድ ግን ኑሮ አይመራም፤ ለሥልጠና የተሸጠ ፍየልም አይመለስም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ኮሌጆች አዲስ ክፍል ከመክፈታቸው በፊት የክልሉ ምክር ቤት ረዳቱ ሊሠራ የሚችለውን፣ ማለትም ማመልከቻ ማዘጋጀትን፣ ሰነድ ማሟላትን፣ ማስተርጎምንና መንገድ መምራትን፣ ከጥብቅና ለይቶ በሕግ ይወስን፤ ለሚያጠፋውም ተጠያቂነት ያበጅ። የሕግ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከዲፕሎማው የትኞቹ ኮርሶች ወደ ዲግሪ እንደሚሻገሩ በጽሑፍ ያሳውቁ። እስከዚያው ድረስ በሰቆጣ የሚመዘገብ ወጣት ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገሮችን ከኮሌጁ በጽሑፍ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል፦ ሥልጠናው ዕውቅና ያለው ለስንት ዓመት ነው? ያለፉት ተመራቂዎች ስንቱ የብቃት ምዘናውን አልፈዋል? የተቀጠሩትስ በምን የሥራ መደብ ነው?