የአባባ ቱቦዎች

አያቴ መኪና ውስጥ ሲቀመጡ ከመንገዱ ይልቅ የመንገዱን ዳር ነበር የሚያዩት። ወደ ደብረ ማርቆስ ስንጓዝ፣ ሌላው ተሳፋሪ ጎሐ ጽዮን ላይ የዓባይን ሸለቆ ቁልቁል እያየ ሲደነቅ፣ እሳቸው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው “ይኼ ተደፍኗል፣ ይኼኛው ደህና ነው” ይላሉ። የሚያወሩት ስለ ቱቦ ነው። ከአስፋልቱ ሥር የዝናቡን ውሃ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ስለሚያሳልፈው ተራ የሲሚንቶ ቱቦ።

አባባ አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በቀያሽነት ገብተው፣ ማታ ማታ ተምረው፣ ኢንጂነር ተብለው ጡረታ ወጡ። ከዚያ በፊት ግን የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ኮሪያ ሲዘምት የ20 ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። እዚያ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወድቀዋል፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። ይህችን ነገር የኮሪያ ዘማች ልጅና የልጅ ልጅ ሁሉ ከፊደል እኩል ነው የሚማራት። እኛ ግን የሰማናት ከጎረቤት ነው። አባባ ስለ ጦርነቱ አያወሩም ነበር። በጣም ከተለመኑ ስለ ብርዱ ያነሳሉ፤ ጫማ ሲያወልቁ ካልሲው ከቆዳ ጋር እንዴት ይላቀቅ እንደነበር። ከዚያ “በል ቡናው ይቅረብ” ይሉና ያበቃል።

ዝምታቸውን ዘመኑ ያመጣው ይመስለን ነበር። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ፣ ደቡብ ሄዶ የተዋጋ ሰው ታሪኩን ጮክ ብሎ የሚያወራበት ጊዜ አልነበረም። በ1969 ዓ.ም. የቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ እማማ ሜዳዩን በጨርቅ ጠቅልለው ጤፍ ውስጥ ቀበሩት። በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የተሠራው የትግላችን ሐውልት ሲመረቅ፣ አንድ ጎረቤት ሊፈትናቸው ፈልጎ “እንዴት አዩት ኢንጂነር?” ቢላቸው፣ “የድንጋይ ሥራው ጥሩ ነው” ብለው አለፉት።

ስለ ቱቦ ግን ማን ያስቁማቸው! ቱቦ ሲደፈን ውሃው ወደ ላይ ይጠራቀማል፣ አፈሩን ያረሰርሳል፣ በመጨረሻም በመንገዱ ላይ ዘሎ በታችኛው በኩል ሲወርድ ከሥር እየቦረቦረ ይበላዋል። መንገድ የሚፈርሰው ከላይ በሚሄደው መኪና ብቻ አይደለም። እሳቸው ከአንድ አለቃቸው ጋር ዓመታት የተጣሉት በዚሁ ነው። አለቃው ርካሽ ስለሆነ 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃል ይላል፤ አባባ ደግሞ “ሰው ገብቶ የማይጠርገው ቱቦ፣ ቱቦ አይደለም” ብለው አንድ ሜትር ካልሆነ አልፈርምም ይላሉ። እድገት ሲዘለሉ ኖሩ። እማማ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላሉም፤ አለቃውን ሳይሆን አባባን።

ነገሩ የገባን በተዝካራቸው ማታ ነው። ዘመድ ተበትኖ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ቤተሰቡ ብቻ ስንቀር እማማ ሳይጠየቁ ጀመሩ። “ኮሪያም ክረምቱ የኛን ይመስላል አለኝ” አሉ። “አብሮ አደጉ ቆስሎ በቃሬዛ ይዘውት ሲወርዱ፣ ጅረቱ ሞልቶ መሻገሪያውን ጠርጎ ወስዶታል። ውሃው እስኪጎድል ተቀምጠው ጠበቁ። ውሃው ጎደለ፤ ልጁ ግን አልጠበቀም።”

የወደቁት ዘማቾች አጽም ወደ አገር ተመልሶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው ያረፈው። አባባ ሐምሌ 7 ቀን፣ ዝናብ ቢጥልም ባይጥልም፣ ብቻቸውን ሥላሴ ይሄዱ ነበር። ለንግሡ ነው ብለን ነበር። ለንግሡም ይሆናል፤ እኔ አንዱ ሌላውን ያስቀራል አልልም።

አሁን ቤታችን ውስጥ ክርክር አለ። ትልቁ አጎቴ ሜዳዩ አፍንጮ በር ላለው ለኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ይሰጥ ባይ ናቸው። በዚህ እናቴም ተስማምታለች። ጠቡ በደብተሩ ነው። አባባ በሥራ ዘመናቸው ያስቀበሩትን ቱቦ ሁሉ በአንድ ወፍራም ደብተር መዝግበውታል፦ ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለ፣ ስፋቱን፣ ያስቀበሩበትን ቀን። የመጨረሻው ዓምድ “ከዝናብ በኋላ የታየ” ይላል። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ በራሳቸው ገንዘብ አውቶቡስ ተሳፍረው እየሄዱ ያዩዋቸውን ጽፈውበታል። እማማ “ለለቅሶ ሄጄ ነው” ይሏቸው የነበሩ ብዙ ጉዞዎች እዚያ ውስጥ ተገኝተዋል።

ታናሹ አጎቴ ደብተሩን ዋሽንግተን ወስዶ ለልጆቹ ሊያቆይላቸው ይፈልጋል። “እነሱ አባባን በስልክ ድምፅ ብቻ ነው የሚያውቋቸው፤ እናንተ እኮ አብራችኋቸው ኖራችኋል” ሲል መልስ ያጣሁለት እኔ ብቻ አይደለሁም። እናቴ ደግሞ “ቱቦዎቹ ያሉት እዚህ፣ ደብተሩ እዚያ? አንድ ሰው ሊጠርጋቸው ቢፈልግስ?” ትላለች። የሚስቅባት አለ። እኔ ግን ባለፈው ክረምት በዚያው መንገድ ሳልፍ ሁለቱን ተደፍነው አይቻለሁ።

እማማ አልፈረዱም። “መጀመሪያ ገልብጡት” ብቻ አሉ። ፎቶ ማንሳቱ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን እርሳሱ ደብዝዟል፣ ግማሹ በፎቶ አይነበብም። ስለዚህ ማታ ማታ በአጉሊ መነጽር እያየሁ በእጄ እገለብጣለሁ። 214 ቱቦዎች ናቸው። ትናንት 67ኛው ላይ ደረስኩ። የአጎቴ በረራ ጥር 15 ነው።