«አሥር ብር ምን አላት?»

ቲኬት ቆራጭ ሁሉ የሚጀምረው በዚህች ጥያቄ ነው። አሥር ብር ምን አላት? ዛሬ አንድ ስኒ ቡና እንኳ በወጉ አትገዛም። ላሊበላ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብሎ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ የሚጠብቅ ወጣት፣ አሥር ጨዋታ አሰልፎ «አንዷ ብትገባልኝ» ሲል ማንም እንደ ቁማርተኛ አያየውም። ቁማርተኛ ማለት ቤቱን ሸጦ የሚያስይዝ ሰው ይመስለናልና።

ይህን ወጣት ሰነፍ እያሉ መስደብ ቀላል ነው፤ ስድቡ ግን ከተማዋን ካለማወቅ ይመጣል። ላሊበላ በ1970 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች ወዲህ እንጀራዋ እንግዳ ነው። አስጎብኚው፣ የእንግዳውን ጫማ የሚጠብቀው፣ በቅሎ የሚያከራየው፣ አልጋ የሚያነጥፈው፣ መስቀል ቀርጾ የሚሸጠው ሁሉ የሚኖረው ከውጭና ከመሐል አገር በሚመጣ ሰው ነው። በ2012 ኮሮና መጣ፤ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ ገባ፤ በ2015 ማብቂያ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ወደቀ። ሦስት ቋንቋ የሚናገር አስጎብኚ ቀኑን ሙሉ እጁን አጣምሮ ሲቀመጥ፣ አሥር ብር በሺዎች ትመለሳለች የሚለው ወረቀት ከሰማው የተስፋ ወሬ ሁሉ የተሻለ ቢመስለው አይገርምም።

የሚገርመው ሌላ ነው። ውርርዱ የሚጎዳው ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ነው።

በዓለም የቁማር ጠረጴዛዎች ኦማሃ የሚባል የካርታ ጨዋታ አለ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አራት ካርታ ይታደላል፤ መሐል ላይ አምስት ካርታ በየዙሩ ይገለጣል። ተጫዋቹ ከእጁ የግድ ሁለት፣ ከመሐል ሦስት ወስዶ አምስት ያሟላል። አራት ካርታ ሁለት ሁለት እየሆነ ሲጣመር ስድስት ዓይነት ጥንድ ስለሚወጣው፣ ለጀማሪ ዓይን የማያምር እጅ የለም። «ይቺ እንኳ ከዚያች ጋር ትሄዳለች» እያለ ሁሉንም ይጫወታል። የሚረሳው ነገር ፊት ለፊቱ የተቀመጠውም ስድስት ጥንድ መያዙን ነው። ስለዚህ መካከለኛው እጅ ሲገጥም እንኳ የባሰ ያከስራል፤ ባለቤቱ ገጠመልኝ ብሎ ገንዘብ ሲጨምር ሌላው ከፍ ያለውን ይዞ ይጠብቀዋል።

ይህ ደካማ እጅ በመጀመሪያ ተራ ከሚናገር ሰው ላይ ሲወድቅ ነገሩ ይብሳል። ቀድሞ የሚናገር ሰው የሌላውን ሳያውቅ ገንዘቡን ያስይዛል፤ መጨረሻ የሚናገረው ግን የሁሉንም አይቶ ይወስናል። ካርታው አንድ ዓይነት ሆኖ ወንበሩ ብቻ ቢለያይ ትርፉ ይለያያል። በትናንሽ ገንዘብ የሚጫወቱበት ጠረጴዛ ደግሞ ቤቱ ከየጨዋታው የሚቆርጠው ከተያዘው ገንዘብ አንጻር ከፍ ይላል። ግን «ትንሽ ናት» ስለሚባል ማንም ካርታውን አይጥልም።

የላሊበላው ቲኬትስ ከዚህ በምን ይለያል? እንበልና እያንዳንዱ ጨዋታ እኩል በእኩል የሆነ ዕድል አለው። ትክክለኛው ዋጋ 2 መሆን ነበረበት፤ አወራራጁ ግን 1.85 ይሰጣል። በአንድ ጨዋታ ቢሆን ከመቶ ብር ሰባት ብር ተኩል ገደማ ነው የሚቀርበት፤ ምንም አይደል። አሥር ጨዋታ ሲደረደር ግን መቁረጫው በየጨዋታው ይደጋገማል። አሥሩም የሚገቡበት ዕድል ከ1,024 አንድ ነው። ለዚያች አንድ ቀን አሥር ብሯ 10,240 ብር ልታመጣ ይገባት ነበር። ወረቀቱ የሚከፍለው ግን 4,696 ብር ገደማ ነው። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕጣ ገቢ ላይ የጣለው 15 በመቶ ሲነሳ 3,990 ይቀራል። ከግማሽ በታች ማለት ነው፤ ያውም አሥሩም ከገቡ።

ቲኬት ቆራጩ ግን ይህን አያይም፤ የሚያየው ዘጠኙ ገብተው አንዷ ያቃጠለችውን ወረቀት ነው። «ለጥቂት!» ይላል። እንደዚያ ያለ «ለጥቂት» ለሳምንት ያህል አሥር ብር ያስወጣል። በቀን ሁለት ቲኬት ቢቆርጥ በወር 600 ብር፣ በዓመት ከ7,000 ብር በላይ ነው። የላስታ ገበሬ ይህን ገንዘብ ምን እንደሚያደርግበት መገመት አያቅትም።

ወንበሩም እንዲሁ ነው። ማን እንደሚሰለፍ የሚታወቀው ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ነው። መብራትና ኔትዎርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ያለ ሰው ግን ጠዋት መብራት ሳለ ይቆርጣል፤ የቅዳሜው ትልቅ ጨዋታ የሚጀምረው ከቀኑ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ነው። አወራራጁ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ዋጋውን ይቀይራል፤ እሱ ግን ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ሄዷል። ቀድሞ ተናግሯል ማለት ነው።

የሚያናድደው ደግሞ የዚያው ወጣት አባት ይህን ሥራ ጠንቅቆ የሚያውቅ መሆኑ ነው። በላስታ ደጋ ገብስ በበልግም ይዘራል፤ የበልግ ዝናብ ግን አይታመንም። 1966ን እና 1977ን ያየ አገር፣ የየካቲት አንድ ሁለት ቀን ካፊያ አይቶ ጎተራውን አያራግፍም። ሰማዩን ያያል፣ አፈሩን ይዳብሳል፣ ከፊሉን ዘርቶ ከፊሉን ያቆያል። ቢርበውም የዘር እህሉን አይነካም። የኦማሃ አዋቂዎች በመጽሐፍ የሚያስተምሩትን እሱ በማሳው ላይ ይኖረዋል፤ ልጁ ግን ውርርድ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ይህን እውቀት አልወረሰውም፤ ወይም ስልኩ ላይ ያለው ነገር እርሻ አይመስለውም።

አንዳንዱ መፍትሔው ውርርድ ቤቶችን ማሸግ ነው ይላል። ቤቱ ቢታሸግ ስልኩ ክፍት ነው፤ ገንዘቡም በሞባይል ይላካል። በዚያ ላይ ፈቃድ ሲሰጥ የኖረው፣ ከአሸናፊውም ግብር የሚቆርጠው መንግሥት ራሱ ነው፤ አንድ እጁ እየፈቀደና እየተቀበለ ሌላው እጁ ደጃፍ ላይ ማኅተም ቢለጥፍ ማን ያምነዋል?

ከዚህ ይልቅ ቀላል ነገር ማስገደድ ይቻላል። መድኃኒት ላይ የአወሳሰዱ መጠን እንደሚጻፍ ሁሉ፣ በየቲኬቱ ግርጌ፣ ሊገኝ ከሚችለው ብር አጠገብ እኩል በደመቀ ፊደል፣ ይህ ቲኬት የሚገባበት ዕድል ይጻፍ። «1 ከ1,024» ይበል። አወራራጁ ቁጥሩን ያውቀዋል፤ ዋጋውን ያወጣው በእሱ ነው። ስልክ ላይ ሲሆንም «ክፈል» ከሚለው ቁልፍ በላይ ይውጣ። ይህን ካነበበ በኋላ የሚቆርጥ ይቁረጥ።