ዱቡሻና ኤፍ ኤም

“በአዲስ መልክ መጥተናል” የሚል የሬዲዮ ማስታወቂያ በሰማሁ ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። የማለዳው የገበሬዎች ዝግጅት ይቋረጣል፤ በአካባቢው ቋንቋ ይቀርብ የነበረው የአባቶች ወግ ማንም ወደማያደምጥበት ሰዓት ይገፋል፤ በምትካቸው የአውሮፓ እግር ኳስ ትንተና፣ የስልክ ምርጫ ዘፈንና የስፖንሰሩ ስም ይገባሉ። አርባ ምንጭ ላይ ሬዲዮ ከፍቶ የሚውል ሰው የአርሰናልን አሰላለፍ በቃሉ ያውቃል፤ የጨንቻ መንገድ በዝናብ መዘጋት አለመዘጋቱን ግን መናኸሪያ ሄዶ መጠየቅ አለበት። (እግር ኳስ እወዳለሁ፤ ጠቤ ከኳሱ ጋር አይደለም።)

ጣቢያን መልኩን ማስለወጥ አዲስ ነገር አይደለም። በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሥርጭት የጀመረው ብሥራተ ወንጌል በበርካታ ቋንቋዎች ዜናና ትምህርት ያሰማ ነበር፤ መጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። ያኔ ለዋጩ ጠመንጃ ነበር። ዛሬ የአየር ሰዓት ሽያጭ ነው፤ ድምፅ ስለሌለው አልቃሽ እንኳ የለውም።

“ገበያው ነው” ይሉኛል። ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. ሲጀምር የንግድ ጣቢያ ነበር፤ ሆኖም የመዓዛ ብሩ “የጨዋታ እንግዳ” አንድን ሰው ያለ ችኮላ እያጫወተ አድማጭ አላጣም። በሕዝብ በጀት የሚተዳደር ጣቢያማ በገበያ ሊያመካኝ ከቶ አይገባውም።

ጉዳዩ የመዝናኛ ምርጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ፣ ለበቀል የተነሡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ አደባባይ ሲወጡ፣ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። ሣሩ ያን ያህል ኃይል ያገኘው ትርጉሙን ስለሚያውቁ ነው፤ ያወቁትም ዱቡሻ በሚባለው የአደባባይ ሸንጎ፣ በገዛ ቋንቋቸው ሲነገር ስለሰሙ ነው። ከጆሮ ማዳመጫው ሌላ ዱቡሻ የሌለው የከተማ ልጅ ይህን ከማን ይሰማዋል?

ጋሞኛ ተናጋሪው ብዙ ነውና ምናልባት ይቋቋመው ይሆናል። የዘይሴው፣ የአባያ ሐይቁ ጊዲቾስ? ለእነርሱ በሳምንት አንዲት ግማሽ ሰዓት ብትቀር የሚተካት የለም።

የጣቢያ ኃላፊዎችን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ የሳምንቱን መርሐ ግብር በራችሁ ላይ ለጥፉ። በየትኛው ቋንቋ ስንት ሰዓት እንደሚተላለፍ፣ የትኛው ሰዓት ለማን በስንት እንደተሸጠ ይጻፍበት። ከዚያ በኋላ በቁጥር እንከራከራለን።