ሹፌሩ ለምን አይበረክትም?

አዲስ አበባ ውስጥ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆማችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ሥራ ፈላጊ በነበርንበት ዘመን ብዙ ቆመናል። ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ለጸሐፊ፣ ለሽያጭ የሚወጣው ማስታወቂያ ይለዋወጣል። አንዱ ግን ንቅንቅ አይልም፤ «የከባድ መኪና ሹፌር፣ ደረቅ 3፣ የሥራ ልምድ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ደመወዝ በስምምነት፣ በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል»። ያው ድርጅት ያንኑ ማስታወቂያ በየሁለት ወሩ ይለጥፋል። ወረቀቱ በዝናብ ሲበሰብስ ሌላ ይደረብበታል። ታዲያ ድርጅቱ እያደገ፣ መኪና እየጨመረ እንዳይመስላችሁ። መኪኖቹ ያው የድሮዎቹ ናቸው። የሚለዋወጡት ሹፌሮቹ ናቸው።

ባለንብረቶቹን ብትጠይቁ መልሱ ዝግጁ ነው። «የዘንድሮ ሹፌር አይበረክትም፤ ለመቶ ብር ጭማሪ ይሄዳል፤ ታማኝ ሰው ጠፋ» ይሏችኋል። እኛም ለረጅም ጊዜ ይህንኑ አምነን ኖረናል። የሹፌር ስም በአገራችን ከጫት፣ ከፍጥነትና ከየመንገዱ ትዳር ጋር ተያይዞ ስለሚነሳ፣ «አይበረክትም» የሚለው ክስ ሲጨመርበት ማንም አይገረምም። አሁን ግን ሐሳባችንን ቀይረናል። ሹፌሩ የሚሄደው ጠባዩ ስለሆነ አይደለም። ቁጭ ብሎ አስልቶ ነው።

ሐሳባችንን ያስቀየሩን የአንዳችን አጎት ናቸው። ጋሼ የጅቡቲን መስመር ከሃያ ዓመት በላይ ተመላልሰውበታል። ባለፉት አራት ዓመታት ብቻ ሦስት ድርጅት ለቀዋል። አንድ እሑድ ከብበናቸው «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ለምን አንድ ቦታ አይረጉም?» ብለን ጠየቅናቸው። ሻያቸውን አስቀምጠው ትንሽ ዝም አሉና፣ «እናንተ ልጆች፣ መኪናው ሲሄድ ነው የሚከፈለኝ። ሲቆም ግን እኔ ቤቴ የገባሁ ይመስላቸዋል» አሉን።

ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በጋላፊ በኩል 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጫነ ተሳቢ አዋሽን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎጊያን እያለ ሲመላለስ፣ ሁሉ ነገር ከተሳካ፣ ደርሶ መልሱ አንድ ሳምንት ቢፈጅ ነው። ችግሩ ሁሉ ነገር አይሳካም። ወደብ ላይ ወረፋ አለ። ጋላፊ ላይ የጉምሩክ ወረቀት አለ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶም ማራገፊያ መጠበቅ አለ። በብዙ ድርጅቶች ቋሚው ደመወዝ ትንሽ ነው፤ ሹፌሩን የሚያኖረው በምልልስ የሚታሰበው ገንዘብና አበሉ ነው። በወር አራት ጊዜ የተመላለሰና ሁለት ጊዜ ብቻ የተመላለሰ ሹፌር ከቤታቸው የራቁበት ቀን እኩል ሊሆን ይችላል። የሁለተኛው ገቢ ግን በግማሽ ይወርዳል። ጥፋቱ ምንድን ነው? ወረፋ ላይ መቆሙ! ወረፋውን የፈጠረው እሱ አይደለም፤ ሊያሳጥረውም አይችልም። ጥላ በሌለበት፣ በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍ ሜዳ ላይ ከመኪናው ሥር ምንጣፍ አንጥፎ የሚጠብቀው የድርጅቱን ንብረትና የደንበኛውን ዕቃ ነው። በየትኛውም ግቢ ዕቃ የሚጠብቅ ዘበኛ ደመወዝ አለው። እዚህ ግን ሹፌሩ በነጻ ዘበኛ ይሆናል።

አበሉ ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የጅቡቲ ፍራንክ ግን ለአሥርት ዓመታት ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን። እንግዲህ አስቡት፤ አበሉ በብር የተቆረጠለት ሹፌር ድንበሩን ሲሻገር ውኃና ምግብ የሚገዛው በፍራንክ ነው። አበሉን ማንም ሳይቀንስበት በግማሽ ወረደ ማለት ነው። አንዳንዱ ባለንብረት ወዲያው አስተካከለ። የጋሼ ሁለተኛው ድርጅት ግን «ይታያል» አለ። ይታያል እንደተባለ ስድስት ወር ሞላው፤ ጋሼም ሄዱ። ባለንብረቱ «ለመቶ ብር ጭማሪ ይሄዳል» ያለው ምናልባት ስለ እሳቸው ይሆናል።

ከዚያ ወዲያ ያለው በየቤታችሁ ያለ ሹፌር ሊነግራችሁ የሚችለው ነው። ጎማ ሲፈነዳ ከማን ደመወዝ ይቆረጣል? ከኩንታሉ ሁለት ሲጎድል ማን ይከፍላል? ሹፌሩ ሲጫን ቆጥሮ ካልተረከበ፣ ሲራገፍም ካልተጠራ፣ ጉድለቱ የሱ የሚሆነው በምን ሕግ ነው? በብዙ ቦታ መልሱ «ዋስ አለህ አይደል?» ነው። ዋሱ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች እህት ወይም ደግ ጎረቤት ናት። ሹፌሩ ቢጣላ እሷ ትጠራለች። ልልቀቅ ሲል «ሒሳብህ ሳይጣራ ክሊራንስ አንሰጥም» ይባላል፤ ሒሳቡ ሲጣራ ሦስት ወር። አንዳንድ ድርጅቶች ሹፌር ማቆየት የሚሉት ይህንን ነው። በእኛ አማርኛ ይሄ ማቆየት ሳይሆን ማገት ይባላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ የሠራበትን ዘመን፣ የሥራውን ዓይነትና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው ያዛል። በችሮታ አይደለም፤ በግዴታ።

ማገት ካልን አይቀር፣ እውነተኛውም እገታ አለ። ባለፉት ዓመታት በተለያዩ መስመሮች ሹፌሮችና ረዳቶች ከመኪናቸው እየወረዱ ተወስደዋል፤ ቤተሰብም ማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠይቋል። መኪና ተቃጥሏል፤ ሰው ሞቷል። የጸጥታውን ጉዳይ የትራንስፖርት ድርጅት ይፍታው አንልም፤ ከአቅሙ በላይ ነው። ሹፌሩ ሲታገት ስልክ የሚያነሳ፣ ደመወዙን ለሚስቱ የሚያደርስ፣ የሕይወት መድን የገባለት ድርጅት የትኛው እንደሆነ ግን ሹፌሮች እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ሎጊያ ላይ በአንድ ሌሊት የማይዳረስ ወሬ የለም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባም እንደዚሁ ነበር። መጀመሪያ አካባቢ በብዛት ከተመረመሩትና ከተያዙት መካከል የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ስለነበሩ፣ ምግብ ቤት ገብተው መብላት እስኪቸግራቸው ተሸሽተዋል። አገሩ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ ዘይቱንና ስንዴውን ያመጡት እነሱ ነበሩ። ማን ምን እንዳደረገላቸው አልረሱም።

ለባለንብረቱም እንፍረድ። አንድ ተሳቢ ዛሬ የሚገዛበት ገንዘብ ሕንጻ ያቆማል፤ አብዛኛው ደግሞ የባንክ ብድር ነው። መለዋወጫው በዶላር ነው። ነዳጅ በጄሪካን የሚቀዳ ሹፌር አለ፤ ጋሼም አይክዱም። አዋሽ ላይ ከሰል ጭኖ፣ መንገድ ላይ ሰው አሳፍሮ የግሉን ገቢ የሚሠራ ሞልቷል። ሌብነትን አናሞካሽም። ነገር ግን ቋሚ ደመወዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃ ሰው ላይ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ንብረት አስረክቦ፣ «የመንገድ ገቢ አለው» በሚል ስሌት ደመወዝ የሚቆርጥ ባለንብረት፣ ያንን የመንገድ ገቢ ራሱ በጀት ውስጥ አስገብቶታል። ከዚያ ጂፒኤስ ይገጥማል። ጂፒኤሱ መኪናው የት እንደቆመ ይነግረዋል እንጂ ለምን እንደቆመ አይነግረውም።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን፣ ዳላስና ዴንቨር ከታክሲ ወደ ትራክ የተሻገሩት፣ የሚያወሩት ተመሳሳይ ነው። እዚያ በትልልቆቹ የረጅም ርቀት ድርጅቶች ዓመታዊው የሹፌር ፍልሰት በብዙ ዓመታት 90 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል። የድርጅቶቹ ማኅበር «የሹፌር እጥረት ነው» ሲል ኖሯል። በ2019 እ.ኤ.አ. ስቲቨን በርክስና ክሪስተን ሞናኮ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ገበያውን መርምረው፣ የሹፌሩ ሥራ ገበያ እንደማንኛውም ገበያ እንደሚሠራና የማያባራ እጥረት አለ የሚለው ወሬ እንደማያሳምን ጻፉ። ክፍያው እዚያም በብዛት በማይል ነው፤ ቆሞ መጠበቅ እዚያም ብዙ ጊዜ አይታሰብም። በአንጻሩ የራሳቸውን ዕቃ በራሳቸው መኪና የሚያጓጉዙ ኩባንያዎች፣ የተሻለ ከፍለው ሹፌሩን ቶሎ ቶሎ ቤቱ ስለሚመልሱ፣ ፍልሰታቸው በጣም ዝቅተኛ ነው። ሌላም የሚያስተምር ነገር አለ። 90 በመቶ ማለት ከመቶ ሹፌር ዘጠናው ሄደ ማለት አይደለም። ነባሮቹ ይቆያሉ፤ ያችው አንድ ወንበር ግን በዓመት ሦስት አራት ሰው ታስተናግዳለች። አብዛኛው የሚለቀው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው።

ስለዚህ ለአገራችን ባለንብረቶች የምንለው አለን (የሰማን እንደሆነ)። አዲስ ሹፌር ስትቀጥሩ አሮጌውንና ችግረኛውን መኪና፣ ማንም የማይፈልገውን መስመር አትስጡት። በየቦታው የሚደረገው ይሄ ነው፤ ከዚያ «አልበረከተም» ይባላል። የመጠበቂያ ቀን ክፈሉ፤ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮም ቢሆን ይሁን። ገንዘቡን ከየት እናምጣ ካላችሁ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ሹፌር አጥቶ የቆመውን መኪና ተመልከቱ። አሥር ቀን ሲቆም የባንኩ ወለድ አብሮት አይቆምም። አዲሱ ሹፌር መኪናውን እስኪለምደው የሚበላው ፍሪሲዮንና ጎማም ሒሳብ ነው። የጅቡቲ አበል በፍራንክ ይታሰብ። ጉድለት የሚቆረጠው ሹፌሩ ቆጥሮ በፈረመበት ሰነድ ብቻ ይሁን።

ከሁሉም በላይ ስምሪት ክፍልን እዩት። ይህንን ያለን ጋሼ ናቸው፤ እኛ አናውቀውም ነበር። የትኛው ሹፌር ቶሎ ጭነት ያገኛል፣ የትኛው ግቢ ውስጥ ሳምንት ይቀመጣል የሚለውን የሚወስነው ስምሪቱ ነው። ጉቦ ካለ፣ ዝምድና ካለ፣ ያለው እዚያ ነው። «ደመወዝ ቢያንስ ሁላችንም ላይ ነው ያነሰው» አሉን ጋሼ፤ «እኔን ያባረረኝ ከኔ በኋላ የመጣው ልጅ ከኔ በፊት ሲጭን ማየት ነው»። የወረፋው ዝርዝር ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ወጪው የአንድ ወረቀት ነው። ሦስተኛውን ድርጅት የለቀቁት በዚህ ምክንያት ነበር። ለሥራ አስኪያጁ እንኳ አልተናገሩም፤ ለምን እንደሚሄዱ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ጋሼ አሁን አራተኛው ድርጅት ገብተዋል። ባለፈው ሳምንት ስንደውልላቸው ጋላፊ ነበሩ። ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ወረቀት አልደረሰም። «የመጠበቂያ ይከፈላል ወይ?» አልናቸው። ሳቁ። ከዚያ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ «እናንተ ልጆች፣ በዚያ በሰሌዳው በኩል ታልፋላችሁ አይደል? ደረቅ 3 የሚል ካያችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ» አሉን።