ሌማቱን ላነሣችሁት ሁሉ
ግልጽ ደብዳቤ፤ ከአራዳ

የአቢጃታ ሐይቅ ውሃ እንዲሳብ ለፈረማችሁ፣ ቡልቡላ ወንዝ ላይ ፓምፕ ሲደረደር እያያችሁ ዝም ላላችሁ፣ ትናንት በወንበሩ ለነበራችሁና ዛሬም ላላችሁ ኃላፊዎች፦

ይህን የምጽፈው እርሜን ለማውጣት ነው።

ሻላ ሐይቅ ላይ የፔሊካን ደሴት የሚሏት አለች። ነጭ ፔሊካን በብዛት ከሚፈለፈልባቸው የአፍሪካ ጥቂት ቦታዎች አንዷ ነበረች። ሐይቁ እስከ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ ጅብም ቀበሮም አይደርስባትም። ሻላ ግን ለፔሊካን የሚበቃ ዓሣ የለውም። ስለዚህ ወላጆቹ ረፋዱ ላይ፣ መሬቱ ሲሞቅ በሚነሣው አየር ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው እየዞሩ ከፍ ይሉና፣ ሁለቱን ሐይቆች የሚለየውን ከፍታ ተሻግረው አቢጃታ ያርፉ ነበር። ውሃው ጥልቀት የለውም፤ ዓሣው ግን ሞልቶ ነበር። ጠግበው ሲመለሱ ጫጩቱ ጭንቅላቱን ወላጁ ጉሮሮ ውስጥ ከትቶ ይበላል። ላየው ሰው ወላጁ ልጁን የሚውጠው ይመስላል።

አላወቅንም እንዳትሉ። ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን የሻላ ፔሊካኖችን አረባብ አጥንተው በ1969 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ኧርባን ያስተምር የነበረው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የሳይንስ ፋኩልቲው እዚሁ አራት ኪሎ፣ ከፒያሳ በእግር የሚደረስ። ሁለቱን ሐይቆች የያዘው፣ 887 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ፓርክም ሲከለል ዋናው ምክንያት እነዚሁ የውሃ ወፎች ነበሩ። እውቀቱ ደጃችሁ ነበር።

ከዚያ የሶዳ አሽ ፋብሪካ መጣ። የአቢጃታን ውሃ በፓምፕ እየሳበ በኩሬ አተነነው። ሶዳው ለመስታወትና ለሳሙና ይፈለጋል። ከላይ ደግሞ ከዝዋይ ሐይቅ ወደ አቢጃታ የሚወርደውን የቡልቡላን ውሃ መስኖ ጠጣው። አቢጃታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ የሚገባለት ሲያንስ ይኮሰምናል፣ ጨውነቱም ይከርራል። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ከግማሽ በላይ ስፋቱን አጣ። ዓሣው አለቀ፤ ፔሊካኖቹም ደሴቷን ትተው ሄዱ።

ዝናቡ ነው የምትሉ አላችሁ። የዝናቡን ድርሻ አልክድም፤ ፓምፕ የተከለው ግን ዝናብ አይደለም።

ፍላሚንጎዎቹ አሉ አይደል ወይ ትሉኝ ይሆናል። አሉ፤ ዓሣ ሳይሆን አልጌና ጥቃቅን ነፍሳት ስለሚበሉ ነው። ለፎቶ የሚያምሩት እነሱ በመሆናቸው የፔሊካኖቹን መጥፋት ልብ ያለው ጎብኚ ጥቂት ነው።

ደሴቷን ማንም አልነካትም። አላረሳችኋትም፣ አልሠፈራችሁባትም። ሌማቱን ነው ከፊቷ ያነሣችሁት። ሪፖርታችሁ ላይ ግን ዛሬም «ጥብቅ ሥፍራ» ተብላ ትቆጠራለች!

ከዝዋይና ከቡልቡላ በየዓመቱ ስንት ውሃ እንደሚሳብ ለሕዝብ አሳውቁ። ለአቢጃታ የማይነካ የውሃ ድርሻ በሕግ ቁረጡለት። ሻላን ለሶዳ አትስጡ። ይህን ሳታደርጉ ስለ ወፎቹ ጥበቃ መግለጫ አታውጡ።