ዲግሪ የሌለው ሰው ሙያ ይቀይር?



“በዚህ ዕድሜዬ ፕሮግራሚንግ ብማር ያለ ዲግሪ ማን ይቀጥረኛል?” የሚለውን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። ጠያቂዎቹ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ናቸው፤ ስለዚህ ከማጽናኛ ይልቅ እውነቱ ይጠቅማቸዋል።

በር አለ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ሥልጠና በኢንተርኔት በነጻ ይሰጣል። በአሜሪካም የሜሪላንድ ግዛት በ2022 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ሙያን ጨምሮ በሺዎች ለሚቆጠሩ የመንግሥት ሥራዎች የአራት ዓመት ዲግሪ መጠየቁን አስቀርቷል።

ዳሩ ግን በአገራችን የባንክና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ ዲግሪ ይላል። የአሜሪካው ኤች ዋን ቢ ቪዛም ዲግሪ ወይም ተመጣጣኝ ልምድ ይፈልጋል። ሰርተፊኬት ብቻውንም ባለሙያ አያደርግም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፦ ሥራችሁን ሳትለቁ ማታ ማታ ተማሩ። የዕድር መዋጮ የሚመዘግብ ወይም የሰፈር ሱቅ ሒሳብ የሚይዝ ትንሽ ፕሮግራም ሠርታችሁ አሳዩ። ለሥራችሁ የሚከፍል ሰው ስታገኙ ያን ጊዜ ስለ መልቀቅ ከቤተሰባችሁ ጋር ተመካከሩ።

አቋራጭ ብላችሁ ሐሰተኛ ዲግሪ ግን አትግዙ። ማስረጃ ሲጣራ ባይታወቅባችሁ እንኳ፣ በውሸት የተጀመረ እንጀራ በውሸት መጠበቅን ይጠይቃል። ልጆቻችንስ ከእኛ ምን ይማራሉ?

ከገማልያል እግር ሥር የተማረው ጳውሎስ ድንኳንም ይሰፋ ነበር። ትምህርትና የእጅ ሙያ አይጣሉም። ዲግሪ ያለው አይኩራ፤ የሌለውም አይፈር፤ ሁለቱም በታማኝነት ይሥሩ።

ጌታ ድካማችሁን ይባርክ።