ስምንት ኪቦርድ ለአንድ ሰፈር

የሰኔ ፈተና አልቆ ካርድ ከተሰጠ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፣ ሜዳው ጭቃ ነው፣ ልጆቻችን ስልክ ይዘው ሶፋ ላይ ይውላሉ። በዚያው ሁለት ወር የትምህርት ቤቶቻችን ክፍሎች ተቆልፈው ይከርማሉ። የእድራችን ወንበሮች ተደራርበው ይቀመጣሉ። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችም ሥራ ይፈልጋሉ። ልጁ አለ፣ ክፍሉ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ አስተማሪው አለ። የጎደለው መሣሪያውና እኛን የሚሰበስብ ሰው ነው። ይህ ጥሪ ለዚያ ሰው፣ ለእናንተ ነው። በዚህ ክረምት እያንዳንዱ ሰፈር ከ7 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆቹ አንድ የጋራ የኪቦርድ ክፍል ይክፈት!

እስካሁን የሄድንበት መንገድ ልጆቻችንን ለሁለት ከፍሏቸዋል። አቅም ያለው ወላጅ አስተማሪ እቤቱ ድረስ ያስመጣል፤ የሌለው «ይህ የእኛ ነገር አይደለም» ብሎ ይተወዋል። ልዩነቱ የተሰጥኦ አይደለም። ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ከሙዚቃ ትምህርት ጋር የተገናኙት በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ስለተላኩ ነው። የኢትዮጵያን ዜማ በፒያኖ ለዓለም የሚያሰሙት ግርማ ይፍራሸዋ ደግሞ ፒያኖ የጀመሩት ያሬድ ሲገቡ፣ በ16 ዓመታቸው ነው። አንዷ አገር ለቀው መሄድ ነበረባቸው፤ ሌላው አሥር ዓመት መጠበቅ። ከሁለቱ አንዱን ዕድል እንኳ ሳያገኝ ያደገው የየሰፈራችን ልጅ ስንት ይሆን?

በጋራ መማር ገንዘብ ላጣ ሰው የተዘጋጀ ማካካሻ አይደለም። ይህን አጥብቄ የምለው «ለብቻው ካልተማረ አይገባውም» የሚል ወላጅ ብዙ ስለሆነ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ዜማ የሚጠናው ከጓደኛ ጋር ነው፤ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፣ የሳተውን ያርማል፣ መሪጌታው ሁሉንም ይሰማል። ማኅሌት ለብቻ አይቆምም። በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የምንላቸው፣ እዚህ የደረሱት በአንድ የሙዚቃ ባንድ ተደራጅተው ነበር። ኬቮርክ ናልባንዲያን እየመሯቸው ለዘመናዊ ሙዚቃችን መሠረት ከጣሉት መካከል ሆኑ። የሙዚቃ መሣሪያ አምራቹ ያማሃም እ.ኤ.አ. በ1954 ቶኪዮ ላይ የልጆች የሙዚቃ ክፍል ሲጀምር ልጆቹን በቡድን ነበር ያስቀመጣቸው።

ክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ስምንት ኪቦርድ በግማሽ ክብ ይደረደራል፤ እያንዳንዱ የጆሮ ማዳመጫ አለው። አስተማሪዋ አንድ አጭር ዜማ ታሳያለች። ልጆቹ ማዳመጫቸውን አድርገው በየራሳቸው ፍጥነት ሲለማመዱ እሷ እየዞረች ጣት ታስተካክላለች። ከዚያ ማዳመጫው ይወልቃል። ሦስቱ ዜማውን ይዘው ይነሳሉ፣ ሁለቱ በግራ እጃቸው ወፍራሙን ድምፅ ይሰጣሉ፣ የቀሩት በጭብጨባ ምቱን ይጠብቃሉ። ቸኩሎ የሚሮጠው ልጅ ጓደኞቹ ወደኋላ ሲቀሩበት ይሰማዋል፤ ማንም «ቀስ በል» ሳይለው ራሱ ይመለሳል። ዓይናፋሯ ልጅ በሰባት ሰው ድምፅ መሀል ተከልላ የመጀመሪያ ዜማዋን ትሞክራለች። ይህን ለብቻ የሚሰጥ ትምህርት ከየትም አያመጣውም።

የመጀመሪያው ቀን ከጥቁሮቹ ቁልፎች ይጀመር። ሦስት ሦስት ሆነው ከተቀመጡት ጥቁሮች የመጀመሪያው መነሻ ከሆነ አምስቱ ጥቁር ቁልፎች ብቻቸውን የትዝታ ሜጀር ቅኝትን ይሰጣሉ። ልጁ የትኛውንም ቢነካ ከቤቱ የሚያውቀው ድምፅ ይወጣል፤ ስህተት የሚባል ነገር በዚያ ቀን የለም። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ከዚያው መነሻ ነጩንና ጥቁሩን እያቀላቀሉ ኋላ ይመጣሉ። የፈረንጅ የሕፃናት መዝሙር ብቻ ለሚያስተምር ክፍል ማንንም አልጠራም። ኪቦርድ የማሲንቆን ተንሸራታች ድምፅ እንደማያወጣ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ ማሲንቆ ወይም ክራር ተጫዋች ይጋበዝና ጆሯቸው ልዩነቱን ይወቅ።

ግዢ ላይ እንጠንቀቅ። ቁልፎቹ 61 ይሁኑ፣ ስፋታቸው የፒያኖ ቁልፍ ያህል ይሁን እንጂ የመጫወቻ ዕቃ አይሁን፤ ጠንከርና ለስለስ ተደርጎ መነካቱን የሚለይ ይመረጥ፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ይሁን። ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዱ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ፖርታ ባጋልዮ ውስጥ ይዘው፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር። ከበሮውንም ቤዙንም ራሱ የሚያጅበው «ስታይል» ግን ቢያንስ ለመጀመሪያው ክረምት አይነካ። ማሽኑ ሲቆጥርለት ልጁ መቁጠር አይማርም።

«ከትምህርቱ ያዘናጋዋል» ለምትሉ፦ ይህ ትምህርቱ ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ክወናና ዕይታ ጥበባት ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ይሰጣል። ስንቱ ልጅ ነው ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ከመጽሐፍ አንብቦ፣ ተፈትኖ፣ መሣሪያውን በእጁ ሳይነካ ወደ ቀጣዩ ክፍል የሚያልፈው? ይህ ሊያስቆጣን ይገባል።

እናቶች፣ አባቶች፣ አሥር ቤት ሆናችሁ እቁብ ጀምሩ፤ የመጀመሪያው ዕጣ ለኪቦርድ ይውጣ። ውጭ አገር ያላችሁ እህት ወንድሞች፣ ለክረምት ስትመጡ ከሻንጣችሁ ጋር አንድ ኪቦርድ ያዙልን። ርዕሳነ መምህራን፣ ሁለት ወር የሚቆለፍ አንድ ክፍል ክፈቱልን። የያሬድ ልጆችና በየሠርጉ የምታጅቡ ኪቦርዲስቶች፣ ቅዳሜያችሁን ስጡን። በነፃ አስተምሩ ማለት ነውር ነውና ክፍያውን እኛ እንሸፍናለን። የእድር ዳኞች፣ ከስምንቱ መቀመጫ ሁለቱ መክፈል ለማይችል ቤት ልጅ ይያዝ፤ ወጪውን እድሩ ይቻል። ስምንት ኪቦርድ በአንድ ቅዳሜ በሦስት ፈረቃ 24 ልጅ ያስተምራል።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ከሒሳብ ሪፖርቱ በፊት እጃችሁን አውጡና ይህን አጀንዳ አስይዙ። የልጆቹን ስም እዚያው መዝግቡ፣ ገንዘብ ያዥ እዚያው ምረጡ፣ ትምህርት ቤቱን የሚያናግሩ ሁለት ሰዎች እዚያው ላኩ። በሐምሌ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ክፍሉ ክፍት ይሁን!